የማለዳው ሬዲዮ ጋኔንና እኔ

ጡረታ የወጣሁት ዘንድሮ ነው። በመጨረሻው ቀን የድምፅ ማኅደሩን በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እጀታውን ነቀነቅሁት። የተረከበችኝ ልጅ፣ "እትዬ አስካለ፣ ቁልፉ እኮ አሁን እኔ ኪስ ውስጥ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነኝ። እሳቱን አዳፍኛለሁ ወይ፣ ቧንቧውን ዘግቻለሁ ወይ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ደርሳ ይሆን ወይ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ልጄ ሠናይት ፊደሉን አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። የምጽፈው በሥራ ዘመኔ ትልቅ ሰው ስለነበርኩ አይደለም። ዘመሮ ውስጥ ስለ ሬዲዮው ጋኔን ዛሬም የሚያወራ ሰው አለ፤ ሠዓሊው ጥላሁን ያወጣት የሥዕል መጽሐፍም እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ያን ጋኔን ከኔ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ ታሪኩ ከኔው ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠዋት ሲገቡ ጠረጴዛውን አያዩም። በቀጥታ ሄደው ከበሩ ጀርባ ያለውን ጥግ ነበር የሚያዩት። "መሐሉንማ ሰው ስለሚያየው ሁሉም ይጠርገዋል" ይሉኝ ነበር። ያኔ እበሳጭባቸው ነበር፤ ኋላ ግን ጥግ ማየት ለሕይወቴ የጠቀመኝ ትምህርት ሆነ።

ባለቤቴ ሲሞት ከልጄ ጋር ብቻዬን ቀረሁና ዘመዶቼ ወዳሉበት ወደ መንዝ፣ ዘመሮ ወጣሁ። ከመርሐቤቴ ሙቀት ወጥቶ የመንዝን ብርድ መልመድ ቀላል አይደለም። ሠናይትን በሦስት ልብስ ጠቅልዬ ስልካት ጎረቤቶቼ፣ "ልጅቷ ትምህርት ቤት ነው የምትሄደው ወይስ ገበያ? የተጫነች በቅሎ አስመሰልሻት እኮ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያው ሲከፈት በጽዳትና በተላላኪነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን በወሩ መጨረሻ አይቀርም። ጣቢያው ሦስት ክፍል ብቻ ነበረው። ድምፅ እንዳያስተጋባ የድምፅ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ውድ ነው ስለተባለ የአካባቢው ሴቶች ባና አዋጥተው ሰጡ። ከበግ ፀጉር የሚሠራውን የኛን ወፍራም ብርድ ልብስ ማለቴ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ባና ለበሰ። ክረምት ሲገባ ታዲያ ክፍሉ እርጥብ በግ ይሸታል። እንግዳ አፍንጫውን ይዞ ሲገባ ጋሽ ወንድይፍራው፣ "አይዞህ፣ ሽታው በሬዲዮ አይተላለፍም" ይሉት ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው የማለዳውን ማስታወቂያ የሚያነቡት ሰው ናቸው። ከመምህርነት በኋላ ነው ወደ ሬዲዮ የመጡት። ሥራን ሥራ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸውና ስለ ልማዳቸው ጥቂት ልበል። ማይክሮፎኑ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት ለብ ያለ ውኃ ይጠጣሉ፤ ሻይ አይነኩም፣ ስኳር ምላስ ያሳስራል ይላሉ። ወረቀቱን በእርሳስ ያሰምሩበታል፤ አንድ ጭረት ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለት ጭረት ረጅም ዕረፍት ነው። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አያደርጉም። "የራሱን ድምፅ የሚሰማ ሰው ድምፁን ማሳመር ይጀምራል" ይላሉ። የጠፋ ከብት ማስታወቂያ ተቀምጠው ያነባሉ። የሞት ማስታወቂያ ሲሆን ይቆማሉ።

አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ማስታወቂያ የሚቀበለው ልጅ ቀርቶ እኔ ተክቼው ነበር። አንድ ገበሬ በሬ ጠፍቶበት መጣ። ቀለሙን ከጻፍኩ በኋላ፣ "ሲጠፋ ፊቱ ወዴት ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው ስለማውቅ ነው እንጂ ማንም አላስተማረኝም፤ ልጄ ብትጠፋ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኸው ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ከበስተኋላዬ ሰምተው ኖሮ፣ በሳምንቱ መጥረጊያውን ከእጄ አስጥለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡኝ። ግማሽ ቀን ጽዳት፣ ግማሽ ቀን መስኮት ሆነልኝ።

የሞት ማስታወቂያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሟቹን ስም ሳልጽፍ፣ "ያልሰማ ማን አለ?" ማለት አለብኝ። እናቱ ሰምታለች? ሩቅ የተዳረች እህት አለችው? በኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ይሄዳሉ፣ ሰውየውን ያስቀምጡታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። ሬዲዮ ግን ሽማግሌ የለውም፤ እህል የምታሰጣውን ሴት ከነሰፌዷ ቆማ ሳለች ይደርስባታል። ስለዚህ ቅርብ ዘመዶቹ በሰው ካልሰሙ ጋሽ ወንድይፍራው አያነቡም።

ዝምታም ነበራቸው። ስሙን ከማንበባቸው በፊት ብድግ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በልባቸው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። እስኪጨርሱ ሬዲዮው ጭጭ ይላል። አድማጩ ያን ዝምታ ለምዶታል። ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ መኪና መናኸሪያው ሁሉ ዕቃውን አስቀምጦ ይጠብቃል። የተሸከመ ያወርዳል፤ ሕፃን የያዘች ለሌላ ትሰጣለች። ያ ዝምታ የጋሽ ወንድይፍራው ሽማግሌ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታቸው ወጣትና ትጉህ ሰው ነበሩ፤ ክፉ አልነበሩም። ዝምታው ግን ዕረፍት ነሳቸው። "ጋሼ፣ ሬዲዮ ላይ ዝምታ ነውር ነው። ሰው ጣቢያው ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል።"

"ማን ዘጋ?"

"አላውቅም፣ ግን ይዘጋል።"

"እንግዲያው የዘጋውን ሰው አምጣልኝና እሱን አናግረዋለሁ" ይሏቸዋል። ክርክሩ በዚህ ዓይነት ወራት ቆየ።

ከዚያ አዲስ ኮምፒውተር መጣ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ባለሙያ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ሲጎትት ሰነበተ። ሲሄድ መኪናው ተነሥቶ ሳለ በመስኮት ለአቶ ጌታቸው አንድ ነገር ጮኾ ነገራቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን አውለበለቡ። እኔ ጭቃውን ስጠርግ አይቻለሁ። ምን እንዳላቸው ግን አልሰማሁም። ያኔ ቢሰማ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የተቀዱ ድምፆችን በኮምፒውተሩ ውስጥ መደርደርም ለኔ ተሰጠኝ። ሠናይት ማታ ማታ በወረቀት ላይ እየሣለች ፎልደር ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔ እንደ ጎተራ አድርጌ ያዝኩት፤ ገብሱ ለብቻ፣ ባቄላው ለብቻ።

በዚያው ሰሞን አባባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ከጓሳ በኩል መጥተው ረጅም ቃለ ምልልስ ተቀዱ። ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሣር ስለመጠበቅ ነው፤ ማጭድ ስንት ዓመት እንደሚከለከል፣ ሲፈቀድ ማን በየትኛው በኩል እንደሚያጭድ። እኔ መስኮት ላይ ስለነበርኩ አልሰማኋቸውም። ሲወጡ ግን ቆም ብለው፣ "ልጄ፣ ያ ሁሉ ወሬ እዚያች ሣጥን ውስጥ ገባ?" አሉኝ። "አዎን አባባ" አልኳቸው። "ጠበበው ይሆናል" ብለው ስቀው ሄዱ። ሳይተላለፍላቸው ከጥቂት ቀን በኋላ አረፉ። የሞታቸውን ማስታወቂያ ራሴ ጻፍኩ፣ ጋሽ ወንድይፍራው አነበቡ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ጌታቸው ኮምፒውተሩ ሞላ ብለው ረጃጅም ቅጂዎችን እንዳጠፋ አዘዙኝ። አንዱን አንዱን እያጠፋሁ አባባ ደምሴ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። አርባቸው እንኳ አልወጣም። የሰው አርባ ሳይወጣ ልብሱ ከቤት አይወጣ፤ ድምፁን እንዴት አድርጌ ልጣል? እንዳልናገር ደግሞ፣ "ባልቴት ከኮምፒውተር ጋር ተዝካር ትቆጥራለች" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደበቅሁት። ከሁሉም ጥግ አንድ ፎልደር ነበረ፤ ማንም የማይከፍተው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ። አርባቸው እስኪወጣ እዚያ ይቆዩ ብዬ አስገባኋቸው። በሥራ ዘመኔ ጥግ ውስጥ ዕቃ ስደብቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወንድይፍራው አንድ የሞት ማስታወቂያ ሊያነቡ ተነሡ። ዝም አሉ። በዝምታው መሐል መስኮቱ ጋ ካለው ሬዲዮ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። "እንግዲህ ተራው የናንተ ነው። ማጭዳችሁን ሳሉ..." አለ። ጋሽ ወንድይፍራው የሟቹን ስም መጥራት ሲጀምሩ ጠፋ።

ከመስኮቱ ውጭ የቆሙት ሁለት ሴቶች አማተቡ። አንደኛዋ፣ "የደምሴ ድምፅ አይደለም እንዴ?" አለች። ሌላዋ፣ "የትኛው ደምሴ?" አለቻት። "የሞቱት!" ማስታወቂያቸውን ሳይሰጡ ሮጡ።

በሌላው ጠዋት፣ ልክ ስም ከመጠራቱ በፊት፣ "ሸሽቶ የሚያመልጥ የለም፤ እኔ ከላይ ሆኜ አያችኋለሁ" አለ። ቀጥሎ ባለው ጊዜ ደግሞ "የስም ዝርዝሩ እኔ ጋ ነው።" አገር ተረበሸ። የሞተው ሽማግሌ ቀጥሎ የሚሞተውን ይጠራል ተባለ። ሳል የያዘው ሰው ሁሉ ሬዲዮ መክፈት ፈራ። ጋሽ ወንድይፍራው ማዳመጫ ስለማያደርጉ አንድም ቀን አልሰሙትም። "ምን ድምፅ?" ሲሉ ሰው የባሰ ጠረጠራቸው።

እኔ ድምፁን በመጀመሪያው ቀን ለይቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ማስቀመጥ ማለት መዝጋት ነው ብዬ ነበርና። የመጣልኝ ሌላ ነው። ነፍሳቸው መሄድ ፈልጋ እኔ ድምፃቸውን ጠፍሬ ይዤ አላስሄድ አልኳቸው ብዬ አመንኩ። ልሰርዘው ኮምፒውተሩ ጋ እቀርብና ሰርዤው ቢቆጡስ ብዬ እመለሳለሁ። ለሰው ደግሞ ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፤ ሠናይት ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች።

የገበያ ቀን ሲደርስ ጥላሁን መጽሐፉን አወጣ። ጥላሁን የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሠዓሊ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝበት በካሬ በካሬ የተሣለ ታሪክ እያዘጋጀ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ይሸጣል። "የማለዳው ጋኔን፣ ክፍል አንድ" ይላል ሽፋኑ። ጋሽ ወንድይፍራውን ጢም ጨምሮላቸው ጠንቋይ አስመስሎ ሥሏቸዋል። አቶ ጌታቸው ጠረጴዛ ሥር ተደብቀዋል። በመጨረሻው ገጽ እኔ መጥረጊያ ይዤ ዓይኔ ፈጦ ቆሜያለሁ፤ ከሥሬ፣ "ይህች ሴት ምን ታውቃለች?" የሚል ተጽፏል።

ደረሰብኝ ብዬ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩበት። "ጥላሁን፣ ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"ይኼን፣ እኔን የጻፍከውን።"

"እትዬ አስካለ፣ የምርመራ ታሪክ እኮ ነው! ሁሉም ሰው መጠርጠር አለበት። ደግሞ መጥረጊያ ለሥዕል ያምራል" አለኝ።

በሁለተኛው ክፍል ጋሽ ወንድይፍራው ማይክሮፎኑ ላይ ሥራ ሥር ሲያስሩ ወጡ። ያን ሳምንት ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ሸሹ፤ አንዲት ያስተማሯት ሴት በሌላኛው መንገድ ዳር አለፈቻቸው። አቶ ጌታቸው በጋኔን አያምኑም። ይባስ ብለው፣ ዝምታው እንዳይነካበት ወንድይፍራው ራሱ ቴፕ እየከፈተ ሰው ያስፈራራል ብለው አሰቡ። ለባለሙያው ደውለው፣ "ጋኔን ገባብን" ቢሉት፣ "ጋኔን በኔ ሙያ አይካተትም፤ ማሽኑ ደኅና ነው" ብሎ ስቆ ዘጋው። ቦርዱ ተሰበሰበና ጋሽ ወንድይፍራው ለጊዜው ከማይክሮፎን እንዲርቁ ወሰነ። በወሩ መጨረሻ ጨርሶ የሚሰናበቱበትና ዝምታው የሚቀርበት ውሳኔ ሊሰጥ ቀጠሮ ተያዘ።

የተተካው ወጣት ሳይቆም ሳያቆም ያነባል። ድምፁም ጠፋ! እንግዲህ ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? አገሩ ሁሉ በጋሽ ወንድይፍራው ላይ ፈረደ። እኔም አንድ ቃል ሳልናገር ሲሄዱ በመስኮቴ አየኋቸው። የእርሳሳቸውን ጫፍ በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ "አስካለ፣ ጠይቂ። መጠየቅ እንዳትተዪ" አሉኝ።

አልጠየቅሁም። በሥራ ዘመኔ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው እየተጣደፈ መጥቶ የአጎቱን ሞት አስመዘገበ። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ስሙን ጽፌ አስተላለፍኩት። "ያልሰማ ማን አለ?" አላልኩም። የሟቹ ልጅ ዝናሽ እዚያው መናኸሪያው ጋ ሻይ ትሸጥ ነበር። የፈላ ማንቆርቆሪያ አንሥታ ለሾፌሮች ስትቀዳ የገብስ ዋጋ ተነበበ፣ ትንፋሽ ሳይወሰድ የአባቷ ስም ቀጠለ። ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ተገለበጠ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ አየኋት። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ይቅርታ ልላት ስጀምር፣ "እትዬ፣ እጄስ ይድናል። ጋሽ ወንድይፍራው ቢሆኑ ግን አስቀምጠው ነበር የሚነግሩኝ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ወጥቼ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ የጥላሁን ሦስተኛ ክፍል ወጣ። እጄ ላይ የገባው በአጋጣሚ ነው፤ አንዲት ሴት ሽንኩርት ጠቅልላበት ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን አውጥቼ ወረቀቱን አስተካከልኩት። የእስካሁኑን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ገጽ ሥሎታል። ጥላሁን ቀልደኛ ቢሆንም እጁ ታማኝ ነው፤ ያየውን ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ መሥመር ጋሽ ወንድይፍራው ይቆማሉ፣ ቀጥሎ አንዲት ባዶ ካሬ፣ ቀጥሎ የጋኔኑ ቃል። ከታች ተተኪው ወጣት ሲያነብ ተሥሏል። እዚያ ባዶ ካሬ የለም፤ ጋኔንም የለም።

መስኮት ላይ ማስታወቂያ እንደማይ ደጋግሜ አየሁት። ሽንኩርቱን ሳልልጥ ጥላሁን ጋ ሄድኩ። "ይቺን ባዶ ያደረግሃት ምን ሆነህ ነው? ቀለም አልቆብህ ነው?"

"ዝም ሲሉ ምን ልሣል? ዝምታ ነዋ።"

"ሁልጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው?"

"ሁልጊዜ። እኔ እኮ ሬዲዮው ሥር ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ደግሞ የሚገርመው፣ ዛሬ ካቆመበት ነው ነገ የሚቀጥለው። ቃሎቹን አስከትለሽ አንብቢያቸው፤ አንድ ወሬ ነው የሚመስለው።"

አስከትዬ አነበብኩት። ተራው የናንተ ነው፣ ማጭዳችሁን ሳሉ፣ ሸሽቶ የሚያመልጥ የለም፣ ከላይ ሆኜ አያችኋለሁ፣ የስም ዝርዝሩ እኔ ጋ ነው። ይህ የሣር አጨዳ ነው! ጓሳ ሲፈቀድ ተረኞች ሲጠሩ፣ ከጊዜው በፊት ሰርቆ የሚያጭደውን ጠባቂው ከኮረብታ ላይ ሲያየው ነው። አባባ ደምሴ ማንንም ለሞት አልጠሩም። ቃለ ምልልሳቸውን እየሰጡ ነው።

አቶ ጌታቸው ጋ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ አርባውንም፣ ፎልደሩንም፣ ባዶዋን ካሬም። "የትኛው ፎልደር ነው ያልሽኝ?" አሉ። አሳየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ሰውየው መኪና ውስጥ ሆኖ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "ድምፅ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ከዚህ እያነሣ ይሞላዋል፣ ዘፈን አስገቡበት ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ረሳሁት።"

ሥርጭቱ ካለቀ በኋላ ማሠራጫውን ዘግተን፣ በሥርጭት ጊዜ የሚዘጋውን የግድግዳ ድምፅ ማጉያ ከፍተን የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ቆምን። "በይ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ" አሉኝ። በልቤ ደገምኩ። ግማሽ ላይ ሳልደርስ አባባ ደምሴ ከግድግዳው በኩል፣ "ደግሞ ጠዋት ጤዛ ሳይረግፍ ነው የሚታጨደው" አሉ። አቶ ጌታቸው እያወቁት ዘለው ባናው ላይ ተለጠፉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ቤት ግን ብቻዬን እንድሄድ ጠየቅሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ "አርባው መቼ ነው?" አሉኝ።

"አምስት ቀን ይቀረዋል።"

"እንግዲያው እስከዚያ እንዳታጠፊው። እሱ ላይ አላጠፋሽም።" ቀና ብለው አዩኝ። "እኔ ስባረር ግን ታውቂ ነበር?"

"ኮምፒውተሩ መሆኑን አላወቅሁም። ድምፁን ደብቄ መያዜን ግን አውቅ ነበር።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ልጄን ብዬ ነው ጋሼ። ፈራሁ።"

"ልጅሽም እኮ ነገ ትፈራለች። ካንቺ አይደል የምትማረው?" አሉኝ። ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወቴ ማንም አልተናገረኝም፤ በቁጣ እንኳ አላሉትም። ቀጥለውም፣ "እመለሳለሁ። ግን ለሰዉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። በማለዳው፣ በማይክሮፎኑ" አሉ።

"እኔ? በዚህ አፌ?"

"ዝም ያልሽው በሌላ አፍ ነው እንዴ?"

በማግስቱ ለብ ያለ ውኃ አጠጥተው አስቀመጡኝ። የምለውን ራሴ ጽፌ እሳቸው በእርሳስ አሰመሩበት። ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ጠረጴዛው ላይ በክርናቸው ያዙልኝ። "እኔ አስካለ ነኝ፣ መስኮቱ ላይ የምታዩኝ" ብዬ ጀመርኩ። የደበቅሁትን፣ የተሳሳትኩትን፣ ዝም ያልኩትን ተናገርኩ። ለዝናሽም ስሟን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። አቶ ጌታቸውም ሳይጠየቁ ገብተው የረሱትን ተናገሩ።

ከዚያ አንድ የሞት ማስታወቂያ ነበር። ቅጂውን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውረን፣ መሙያውንም አቶ ጌታቸው ራሳቸው ባለሙያውን በስልክ እየጠየቁ ዘግተውት ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመስኮቱ ውጭ ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ ይጠብቃል። ምንም አልመጣም። ዝምታው እስከ መጨረሻው ዝምታ ሆኖ ዋለ። ስሙ በተጠራ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ተመስገን፣ አሁን የሰው ሞት ሆነ" ሲሉ ሰማሁ።

ቦርዱ ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ለጋሽ ወንድይፍራው ዝምታቸውን ተወላቸው። ጥላሁን የመጨረሻውን ክፍል በነፃ አደለ። ጠንቋዩን ጢሙን ላጭቶ መልሶ መምህር አድርጎታል፤ ጋኔኑ ግን መጥረጊያ ይዞ ሻሽ አሥሯል። ዝናሽ ገዝታ ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በነፃ የሚታደለውን ምን ብላ እንደገዛችው አልገባኝም። ጠባሳ ባለበት እጇ እየጠቆመች ለመንገደኛ ሁሉ ታሳያለች፤ እኔ ስገባ ደግሞ፣ "ጋኔኔ መጣች፣ ስኳር ጨምሩላት" ትላለች።

አርባቸው በወጣ ማግስት መስኮቴን ስከፍት የአባባ ደምሴ ባለቤት እማማ የሺ ቆመዋል። ከጓሳ በኩል በእግራቸው ነው የመጡት። ሊረግሙኝ የመጡ መሰለኝ።

"አንቺ ነሽ ባሌን የደበቅሽው?"

"እኔ ነኝ እማማ። ይማሩኝ።"

"ምን አድርገሽ ነው የምምርሽ? እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ስሰማው ነበር። ሰዉ ጋኔን ነው ሲል በሆዴ እስቃለሁ። የደምሴን የሣር ወሬ እኔ አጣዋለሁ? ሃምሳ ዓመት የሰማሁትን?"

"ታዲያ ምነው ለሰው ሳይናገሩ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር። አስገብቼ አስቀመጥኳቸውና ቃለ ምልልሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማኋቸው። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው አዳመጡ። ሲያልቅ፣ "ስለ እኔ ምንም አላለም?" አሉ።

"ስለ ሣሩ ብቻ ነው እማማ።"

"አውቄዋለሁ።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ጉንጫቸው ግን ሊስቅ ይንቀጠቀጣል። ማይክሮፎኑን በጣታቸው ወደ ራሳቸው ጎተቱት። "ይቺ ናት የምትሰማው?"

"አዎን።"

"ትሞላለች?"

"አትሞላም። ብትሞላም ቦታ እፈልጋለሁ፤ አሁን ደብቄ አይደለም፣ አስፈቅጄ ነው።"

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሰው እየመጣ እናት አባቱን ያስቀዳ ጀመር፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ የዚያ ማኅደር ጠባቂ ሆኜ ኖርኩ። በማኅደሩ የመጀመሪያው የእማማ የሺ ቅጂ ነው። መቅጃውን ልከፍት እጄን ስሰነዝር ያዙኝና፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ጠይቂኝ እንጂ" አሉ።

ወንበሬን አስጠጋሁ። "እማማ የሺ፣ ያልሰማነው ምን አለ?" አልኳቸው።

"ኧረ የቱን ሰማችሁና" ብለው ጀመሩ።